ታንከሩ ሰባ ሁለት በመቶ ነው

መዳፍ የምታህል አንዲት ሳጥን የሁለት ቀበሌ ሕዝብ ውሃ ልታስጠማ ትችላለች ቢሉኝ አላምንም ነበር። አሁን አምናለሁ። እንዲያውም ምስክር ነኝ፤ ሳጥኗን የገጠምኳት እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው ከሶዶ ወደ ጉኑኖ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ የውሃ ፕሮጀክት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ ፕሮጀክቱ ያለ ኃጢአቱ ይታማል። የሥራ ድርሻዬ የፓምፕ መቆጣጠሪያዎችን መትከልና መጠገን ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሚስት የለኝም፤ ሶዶ ከመጣሁ ዓመት አልፎኛል። በዚህ ዓመት ውስጥ ከሰው ይልቅ ከኤሌክትሪክ ሣጥን ጋር ብዙ ማውራቴን አልደብቃችሁም። ሣጥን ቢያንስ መልስ ካልሰጠ የተበላሸ ነገር እንዳለ ታውቃለህ።

ሰው ጠልቶኝ አይደለም፤ የሶዶ ሰው እንግዳ ይወዳል። ችግሩ ምሳ ላይ ነው። የቢሮ ሰዎች ተሰብስበው በወላይትኛ ሲጫወቱ ሳቃቸው ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ይሰማል። እኔ ወንበር ስቤ ስቀመጥ፣ ለእኔ ብለው፣ በጨዋ ደንብ ወደ አማርኛ ይዞራሉ። ያን ጊዜ ወሬው ይሞታል። ስለ ዝናብ እንነጋገራለን። ዝናቡ ጥሩ እንደሆነ እንስማማለን። አንዴ አንዱ ሲያስቃቸው የነበረውን ቀልድ ለእኔ ሊተረጉምልኝ ጀምሮ፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ላቡ መጣና "ተወው ወንድሜ፣ በእኛ ቋንቋ ነው የሚያስቀው" ብሎ አቆመ። እኔ ሳልኖር የሚስቅ ማዕድ፣ እኔ ስኖር ከሚያዝን ይሻላል ብዬ ከዚያ ወዲህ ምሳዬን ጠረጴዛዬ ላይ መብላት ጀመርኩ።

እንግዲህ አንድ ቀን ኃላፊያችን አቶ ማርቆስ ጠሩኝ።

"ኢንጂነር፣ ፓምፕ ጣቢያው እዚህ ስክሪን ላይ እንዲታይ እንፈልጋለን።"

ኢንጂነር አይደለሁም፤ ቴክኒሻን ነኝ። ግን ሰው ሲሾምህ ዝም ነው። ጣቢያው ያለው መቆጣጠሪያ አሮጌ ነው፤ ሲሪያል በሚባለው በድሮው ዘዴ፣ በሁለት ቀጫጭን ሽቦ፣ ቀስ እያለ ነው የሚናገረው። አዲሱ የቢሮ ኮምፒውተር ደግሞ በኢተርኔት ገመድ ካልመጣለት አይሰማም። በሁለቱ መካከል ገብታ የአንዱን ለአንዱ የምታደርስ ትንሽ ሳጥን አለች፤ ጌትዌይ ትባላለች። እሷን መግጠምና ማስተካከል ነበር ሥራው።

"ስንት ቀን ይፈጃል?" አሉኝ አቶ ማርቆስ።

"ግማሽ ቀን" አልኩ።

አፌን ያኔ የጥርስ ሐኪም ቢይዘው ኖሮ ደግ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ፈጀ፤ አሥራ ሁለተኛው ቀን ባይመጣ ደግሞ ይሻል ነበር።

መጀመሪያ ሳጥኗን አጣኋት። አልተሰረቀችም። ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ኮምፒውተር የሚያገኛትን አዲስ የኔትወርክ አድራሻ ሰጠኋት፤ አድራሻውን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ ምሳዬን በልቼ ዳታ የሚሉትን የወላይታ የቃሪያ ድልህ የነካ እጄን በዚያው ወረቀት ጠርጌ ጣልኩት። ዳታ የቀመሰ ያውቃል፤ ያ ቃሪያ ዓይን ውስጥ ከገባ አድራሻ ቀርቶ ስምም ያስረሳል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሬ ቢፈልግ ቢፈልግ ሊያገኛት አልቻለም። ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ መብራቷ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሙቀቷ እጄ ላይ ይሰማኛል፤ የት እንዳለች ግን አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ከሰው ጋር ብቻ የሚደርስ ይመስለኝ ነበር።

ሁለት ቀን ሙሉ አድራሻ ስገምት ከቆየሁ በኋላ ከጀርባዋ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አየሁ። እዚያ ውስጥ ያለችውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ የያዘ ሰው ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ያስጀምራታል። ለጸሐፊያችን ለወይዘሮ ዘነበች የጸጉር ፒን እንዲያውሱኝ ጠየቅኳቸው።

"ለማን ነው?" አሉ እየሳቁ።

"ለሳጥኗ።"

"ጸጉር አላት እንዴ?"

ፒኑን ሰጡኝ። ሳጥኗ ተወለደች። በማግስቱ ይዣት ወደ ጣቢያው ሄድኩ።

ጣቢያው ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በእንሰት መካከል ያለ ግቢ ነው፤ አንድ የፓምፕ ቤት፣ በብረት እግሮች ላይ የቆመ ትልቅ የብረት ታንከርና አቶ ዳልኬ። አቶ ዳልኬ ጣቢያውን ሃያ ዓመት የጠበቁ፣ ፓምፑን የሚያስነሡና የሚያጠፉ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ ቀጭን ሰውዬ ናቸው። ታንከሩ ምን ያህል ውሃ እንደያዘ ለማወቅ መሰላል ላይ ወጥተው በዱላቸው ከላይ ወደ ታች ይደቁታል፤ ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ ላይ ሲደርሱ "ስልሳ ናት" ይላሉ። ይህን ሲያደርጉ መጀመሪያ ሳይ በሆዴ አዘንኩላቸው። ለሰው ማዘን የሚያምረው እውቀት እስኪመጣ ድረስ ነው።

ሁለቱን የሲሪያል ሽቦዎች ከሳጥኗ ጋር አሰርኩ። ምንም የለም። ፍጥነቱን ቀየርኩ፤ ፓሪቲ የሚሉትን ቀየርኩ፤ ገመዱን ቀየርኩ። በመብረቅ አመካኘሁ። በአይጥ አመካኘሁ። ስለ መሬት ሽቦ ጉድለት ሁለት ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን አቶ ዳልኬ ከጀርባዬ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣

"ወንድሜ፣ ሁለቱን ሽቦ ብታቀያይራቸውስ?" አሉኝ።

"አቶ ዳልኬ፣ አይዩት በቀላሉ። ይቺ ኤ ናት፣ ያቺ ቢ ናት፤ ተጽፎባቸዋል። ኤ ከኤ፣ ቢ ከቢ ነው።"

"እሺ" አሉና ቦይናቸውን ሊኮተኩቱ ወደ ጓሮ ሄዱ። ቦይና እኛ ጎደሬ የምንለው ነው። ጀርባቸውን እንዳዞሩ አቀያየርኳቸው። ወዲያው ሠራ። ለካ የሳጥኗ ፋብሪካ ኤ ያለውን የመቆጣጠሪያው ፋብሪካ ቢ ይለዋል።

ሲመለሱ "ሠራች?" አሉ።

"የፍጥነት ማስተካከያ ነበር" አልኳቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የቀረው መቆጣጠሪያውን የታንከሩን መጠን መጠየቅ ብቻ ነበር። መቆጣጠሪያው እያንዳንዱን ነገር በቁጥር በተሰየመ ቦታ ነው የሚያስቀምጠው፤ የታንከሩ መጠን በአንዱ ቁጥር፣ ሌላው ነገር በሌላው። መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር አስገባሁ። ስክሪኑ ላይ "64" የሚል ቁጥር ወጣ። ትንሽ ቆይቶ 65 ሆነ። ፓምፑ ሲሠራ ይጨምራል፤ ፓምፑ ሲቆም ቀስ እያለ ይቀንሳል። ከዚህ በላይ ታንከር ምን ያደርጋል?

አቶ ማርቆስ ቢሮውን በሙሉ ጠርተው አሳዩ። ተጨበጨበ። ያን ቀን ምሳ አብረን በላን፤ ስለ ስክሪኑ በአማርኛ ብዙ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ እኔም ስለ ዳታውና ስለ ወረቀቱ ስነግራቸው ሁሉም ሳቁ። በአማርኛ! ሳቁ! ወደ ቤቴ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ባጃጅ ቢያሳፍረኝ ደስታዬ ቶሎ የሚያልቅ መስሎኝ።

ጥጋብ ነውና በማግስቱ ፓምፑን ራሱን በራሱ እንዲመራ አደረግኩት። ቁጥሩ ሰማንያ ሲደርስ ይቆማል፤ አርባ ሲወርድ ይነሣል። አቶ ዳልኬንም "ከእንግዲህ አይንኩት፤ ያርፉ" አልኳቸው። ያ ትልቅ ታንከር ድሮ እስኪሞላ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር፤ አሁን በግማሽ ሰዓት ሰማንያ ይደርሳል። ጤነኛ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። አቶ ማርቆስ ግን ተደሰቱ፤ እኔም "የቅልጥፍና ለውጥ ነው" አልኳቸው፤ እሳቸውም ያንኑ ቃል ለበላይ አካል ጻፉት።

በሁለተኛው ቀን አቶ ዳልኬ ደወሉልኝ።

"ወንድሜ፣ ታንከሩ ባዶ ናት።"

"አቶ ዳልኬ፣ ሰባ ስምንት ነው። እያየሁት ነው።"

"ደቃሁት። እስከ ታች ድረስ ባዶ ትላለች።"

"አቶ ዳልኬ፣ ዱላ ሊሳሳት ይችላል።" ቀጥሎ ስለ ዲጂታል ልኬት ትምህርት ሰጠኋቸው። በትዕግሥት ነው የሰጠኋቸው። ያቺ ትዕግሥቴ እስካሁን ታሳፍረኛለች።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝና "እሺ፣ አንተ ካልክ" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ባለችው መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ከራሴ እስከ እግሬ ሳሙና ተቀብቼ፣ ቧንቧውን ከፈትኩ። እፍፍ አለና ቆመ። የምኖረው ያው ታንከር በሚያጠጣው በሶዶ ዳርቻ ነው። ትንሽ ጠበቅኩ። ሳሙናው መድረቅ ጀመረ። የደረቀ ሳሙና ቆዳን እንዴት እንደሚሰበስብ የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው፤ መሳቅ ስትፈልግ ፊትህ እሺ አይልህም። በግቢው ግድግዳ ማዶ የሴቶች ድምፅና የባዶ ጀሪካን ኳኳታ ይሰማል። አንዷ "ጤና ጣቢያውም ውሃ የለም አሉ፤ ከትናንት ጀምሮ አዋላጇ በጀሪካን እያስቀዳች ነው" ስትል ሰማሁ።

ንዴቴ ገነፈለ። ውሃ የማያጠጣ መሥሪያ ቤት! ስልኬን በፎጣ ይዤ ወደ ፕሮጀክቱ የአቤቱታ ቁጥር ደወልኩ። አዎ፣ ወደ ራሴ ቢሮ። ሳሙና አእምሮም ውስጥ ይገባል።

"ሄሎ፣ እኛ ሰፈር ውሃ የለም!" ብዬ ጮኽኩ።

ያነሡት ወይዘሮ ዘነበች ናቸው፤ ድምፄን አልለዩትም።

"ወንድሜ፣ ችግሩ ከእርስዎ ቤት ይሆናል" አሉኝ በትሕትና። "ታንከሩ ሰባ ሁለት በመቶ ነው። ስክሪኑ ላይ እያየሁት ነው።"

"ስክሪኑ ተሳስቶ ቢሆንስ?"

"አይሳሳትም። የሠራልን ልጅ በጣም ጎበዝ ነው።"

በሕይወቴ ጎበዝ ያለኝ ሰው ላይ ስልክ የዘጋሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሳሙናውን በፎጣ ፈግፍጌ፣ ልብሴን በላዩ ላይ ለብሼ፣ በመጀመሪያው ባጃጅ ወደ ጣቢያው በረርኩ። በመንገዱ ዳር ጀሪካን የያዙ ሰዎች ተሰልፈው ነበር። የባጃጁ ሹፌር በመስተዋቱ አየኝና "ወንድም፣ ራስህ ላይ አረፋ አለ" አለኝ። አረፋው እኔን አላሳሰበኝም። ቀና ብዬ ሰልፈኞቹን ማየት ነው ያቃተኝ።

አቶ ዳልኬ በሩ ላይ ነበሩ። ሰላም አሉኝ፤ ስለ አረፋው ምንም አላሉም። ዱላቸውን ሰጡኝ። መሰላሉ ላይ ወጥቼ ደቃሁ፤ ታንከሩ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ጮኸ። ወርጄ ላፕቶፔን ሳጥኗ ላይ ሰካሁ፤ "76" ይላል። ፓምፑ ገና እየሠራ ነው። ሰማንያ ደረሰና ቆመ። ታንከር ሙሉ፤ ታንከር ባዶ። ደረቅ ሲሚንቶ ላይ ተቀመጥኩ። ሥራዬን የምለቅበትን ደብዳቤ በልቤ መጻፍ ጀመርኩ፤ ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ማን እንደሚቀበለኝም አሰብኩ። ማንም አልመጣልኝም፤ ስለዚህ ደብዳቤውን አቆምኩት።

አቶ ዳልኬ ሞተሩን በመዳፋቸው ነካ አድርገው "ዛሬም ተቃጠለች" አሉ። በሙቀት ቀን ሁሌ እንደሚያደርጉት፣ ከጀሪካን በተረፈች ውሃ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት አርጥበው የሞተሩ ጀርባ ላይ ጣል አደረጉበት። እኔ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር።

"79" አለ። ትንሽ ቆይቶ "77"። "74"።

"አቶ ዳልኬ" አልኩ፣ "ያን ከረጢት እስኪ ያንሡት።"

አነሡት። ቁጥሩ መውረዱን ቀስ አደረገ።

"ይመልሱት።"

መለሱት። "71"።

አቶ ዳልኬ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ሞተሩን አዩ፣ እኔን አዩኝ።

"ይቺ የታንከር ቁጥር አይደለችም" አሉ ቀስ ብለው። "የሞተሯ ትኩሳት ናት።"

ነበረች። የመቆጣጠሪያው መጽሐፍ ቦታዎቹን ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል፤ ሳጥኗ ደግሞ ከዜሮ። ስለዚህ የምጠይቀው ሁሉ አንድ ቤት እያለፈ ጎረቤት ያንኳኳ ነበር። የታንከሩ ጎረቤት የሞተሩ ሙቀት ነው። ፓምፑ ሲሠራ ይግላል፤ ሲቆም ይበርዳል፤ እኔም ሲግል ሞላ፣ ሲበርድ ጎደለ እያልኩ የሁለት ቀበሌ ሕዝብ በሞተር ትኩሳት አጠጣሁ። ካስገባሁት የቦታ ቁጥር ላይ አንድ ቀነስኩ። ስክሪኑ "4" አለ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። አቶ ማርቆስ ናቸው።

"ኢንጂነር! ከሰባ አንድ ወደ አራት? ውሃውን የት አደረስከው?"

መዋሸት ይቻል ነበር። መብረቅ ነበር፤ አይጥ ነበር፤ የመሬት ሽቦ ነበር። አቶ ዳልኬ ግን ከረጢቱን እየጨመቁ አጠገቤ ቆመዋል።

"ውሃው መጀመሪያም አልነበረም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ። "አቶ ዳልኬ ትናንት ነግረውኝ ነበር። አልሰማኋቸውም። የሽቦውም ነገር የእሳቸው ሐሳብ ነበር።"

አቶ ማርቆስ "ሪፖርቱን እንዴት ነው የማስተካክለው?" ብለው ዘጉት።

ፓምፑን በእጅ አስነሣነውና ታንከሩ እስኪሞላ አብረን ቁጭ አልን። አቶ ዳልኬ የተቀቀለ ቦይና አቀረቡልኝ። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። አይተውት አይተውት፣

"ከእንግዲህ ቢሮዎች አይደውሉም ማለት ነው?" አሉኝ።

"ስለ ምን?"

"ስለ ታንከሩ። ዘነበች ጠዋት አንድ ሰዓት ላይና ማታ አሥራ አንድ ላይ ትደውል ነበር። 'ስንት ሆነች?' ትለኛለች፤ እነግራታለሁ። ከዚያ ስለ ልጆቿ ትነግረኛለች። ስክሪኗ ከገባች ወዲህ አልደወለችም።" ስልኩን ወደ ኪሳቸው መለሱና "ጥሩ ነው፤ ሥራ ይቀልላታል" አሉ።

የሳጥኗ መመሪያ መጽሐፍ መቶ አርባ ገጽ ነው፤ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ልታቋርጥ እንደምትችል የትም ቦታ አልተጻፈም።

"ለጥቂት ጊዜ ማመሳከር ያስፈልጋል" አልኳቸው። "ስክሪኑን አሁን ማን ያምነዋል? ጠዋት ጠዋት እኔ እደውላለሁ።"

በማግስቱ ደወልኩ። "ስልሳ ናት" አሉ። ስክሪኑ ስልሳ ሁለት ይላል። "ሳጥንህ ሁለት ጨምራለች" አሉኝ። እየቆየ ወሬው ከታንከሩ ወጣ፤ ቦዲቲ የምትማረው ልጃቸው ፈተና ላይ መሆኗ፣ የእንሰቱ በሽታ፣ አንድ ፍየል ግቢው ገብታ ያደረገችው። አንዳንድ ቀን ወላይትኛ ያስተምሩኛል፤ እኔ ስደግም በሳቅ ስልኩ ከእጃቸው ይወድቃል። ማመሳከሩ ካለቀ ወራት አልፈዋል። እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ነገሩን ሁለታችንም አናነሣውም።

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ጣለኝ። ዓርብ ቢሮ አልገባሁም፤ አልደወልኩም። ቅዳሜም እንዲሁ፤ ስልኬም ባትሪው አልቆ ከአልጋው ሥር ወድቆ ነበር። እሑድ ከቀትር በኋላ በሬ ተንኳኳ። ያንን በር ከአከራዬ በቀር ማንም አንኳኩቶት አያውቅም፤ እሷም የምትመጣው ወር ሲሞላ ነው። ስከፍት አቶ ዳልኬ በቸርች ልብሳቸው፣ ኮትና ክራቫት አድርገው፣ ሳህን በጨርቅ ጠቅልለው ቆመዋል። ቤቴን ወይዘሮ ዘነበችን ጠይቀው ነው ያገኙት።

"ሳሮ" ብለው በወላይትኛ ሰላም አሉኝና ገቡ። ያለችኝ ወንበር አንድ ናት፤ እሷ ላይ ተቀመጡ።

"ታንከሩን ማን እየጠበቀ ነው?" አልኳቸው።

"ሳጥንህ። ሥራ ትልመድ እንጂ።"

ሳህኑን ፈቱት፤ ባለቤታቸው የሠሩት ትኩስ ምግብ ነበር። በልቼ እስክጨርስ ጠበቁኝ። 

"ዛሬ ጉባኤው ጸልዮልሃል" አሉ። "ግን ተቸገርን። 'ለማን ነው የምንጸልየው?' ብለው ጠየቁኝ። ስልኬን አውጥቼ ባይ 'ታንከር' ይላል፤ እንደዚያ ነው የመዘገብኩህ። 'ለታንከሩ ሰውዬ' አልኳቸው። ግማሹ ሰው ለታንከሩ የጸለየ መሰለኝ።"

ሳቅኩ፤ ሳሉ አቋረጠኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

"እንዲህ አይሆንም" አሉ። "ወንድሜ ወንድሜ እያልኩ ይሄን ያህል ጊዜ። ስምህ ማነው?"

ነገርኳቸው። አፋቸው ውስጥ ሁለት ጊዜ አዟዟሩት፤ በወላይትኛ ዜማ ሲሉት አዲስ ስም መሰለኝ። መነጽራቸውን አደረጉና ስልኩን ከፍተው፣ "በየትኛው ፊደል ነው የሚጀምር?" አሉኝ።

ከአልጋዬ ተነሥቼ አጠገባቸው ቆምኩ፤ አንድ በአንድ እየነገርኳቸው ጻፉት።